የታላቅ ልብስ ለብሶ መንገድ መውጣት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከታላቅ ወደ ታናሽ የወረደ ልብስ እውነተኛ ፈተናው መንገድ ላይ ነው። መስታወት ፊት ልክ የመሰለ ሱሪ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ይወርዳል፤ ተቀምጠው የሞከሩት ጫማ ዳገት ላይ ተረከዝ ይልጣል። ደስታውም ያለው እዚያው ነው። ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ ሹራብ ለብሶ፣ «ይቆሽሻል» የሚል ስጋት ሳይኖር እንደልብ መሮጥን የሚያህል ነገር በልጅነት ጥቂት ነው። የወረደ ልብስንና የእግር መንገድን አብሬ የማነሳውም ሁለቱ ላይ የምንሠራው ስህተት ሥሩ አንድ ስለሆነ ነው፤ ልጁን በሌላ ሰው ልክ እንሰፍረዋለን። ልብሱን በታላቁ፣ መንገዱን በእኛ።

«ያድግበታል» ብሎ ሁሉንም ማልበስ

ሸሚዝና ሹራብ ትንሽ ቢሰፉ ችግር የለም፤ እጅጌ ይጠቀለላል። መሬት የሚጠርግ ሱሪ፣ ከወገብ የሚንሸራተትና በእጅ መያዝ የሚፈልግ ቀሚስ ግን ልጁን ይጥሉታል። አንድ እጁ ሱሪውን የያዘ ልጅ ሲደናቀፍ መሬት የሚደገፍበት እጅ የለውም። ቅምቅማቱን አጥፎ በሰፊው መስፋትና ሲያድግ መፍታት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ልብሱ ላይ የተጻፈው ዕድሜም ብዙ አይታመንም፤ አምራቾች የየራሳቸው ልክ አላቸው፣ እጥበትም ያሳጥራል። አሁን ለልጁ ልኩ የሆነ አንድ ልብስ ላይ አነባብሮ ማስተያየት ከቁጥሩ ይሻላል።

ጫማን እንደ ልብስ መቁጠር

ከሁሉ በላይ እንዲታረም የምፈልገው ይህ ነው። ሸሚዝ ከታጠበ በኋላ የማንም ነው፤ ጫማ ግን የመጀመሪያ ባለቤቱን እግር ቅርጽ ይይዛል። ታላቁ ወደ ውስጥ እያዘነበለ ይራመድ ከነበረ፣ ሶሉም ተረከዙም በዚያው በኩል አልቀዋል። ታናሹ ሲያደርገው የእሱ ያልሆነ አረማመድ ይገፋዋል።

ሕፃን ሲወለድ እግሩ ውስጥ ካለው ብዙው ገና አጥንት ያልሆነ ካርቲሌጅ ነው፤ ሁሉም ጠንክሮ የሚያበቃው በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት ጠባብ ጫማ ብዙም ሳያሳምም ጣቶችን ሊያጣምም ይችላል። ልጁ ዝም ማለቱ ጫማው ልኩ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይመልከቱት። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ ሶሉ በአንድ በኩል ብቻ ካለቀ፣ የውስጥ ንጣፉን ሲያወጡት የሌላ ልጅ ጣቶች ጉልህ ሆነው ከታተሙበት፣ ያ ጫማ ዕድሜውን ጨርሷል። ለዘመድም ለጎረቤትም መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። ለአንድ ሁለት ዝግጅት ብቻ የወጣ ጫማ ወይም ዝናብ ሲጥል ብቻ የተደረገ ቦቲ ከሆነ ግን ምንም አይደለም። ያንንም ቢሆን ውስጡን አጽድቶ በደንብ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ የእግር ፈንገስ በጫማ ይተላለፋል።

ለመለካት ልጁን በባዶ እግሩ ወረቀት ላይ ያቁሙት። መቆሙ ግድ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት እግር ይረዝማል፣ ይሰፋልም። የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ ያስምሩ፣ ቆርጠው ያውጡና ጫማው ውስጥ ያስገቡት። ወረቀቱ ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው። ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ መኖር አለበት። እግር ወደ ማታ ላይ በመጠኑ ስለሚያብጥ ልኬቱ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁለቱ እግሮች ከተለያዩም ትልቁን ይከተሉ። መራመድ የጀመሩ ትንንሽ ልጆችን በየሁለትና ሦስት ወሩ መለካት አይበዛም።

ሳያጥቡ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ናፍታሊን መበተን

ታናሹ እስኪደርስ ልብሱ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ሲቀመጥ ንጹሕ የመሰለው ልብስ ሲወጣ አንገቱና ደረቱ ላይ ቢጫ ሆኖ ይገኛል። የወተት፣ የላብና የዘይት ቅሪት ከአየር ጋር እየተገናኘ ቀስ በቀስ ቀለም ያወጣል። ብልም የሚወደው ይህንኑ ነው። ልብሱን የሚበላው የሚበረው የእሳት ራት ሳይሆን ትል መሳዩ እጩ ነው፤ ምግቡም ሱፍ፣ ሐርና ላባ ነው፤ ላብና ምግብ የነካውን ደግሞ አስቀድሞ ያገኘዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አጥቦ፣ ፍጹም አድርቆ፣ ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ብል ይኖርበታል ብለው የሚጠረጥሩትን የሱፍ ልብስ በላስቲክ አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ቢያቆዩት ከነዕንቁላሉ ይሞታል።

ብል ለማባረር ልብስ መካከል የሚበተነውን ናፍታሊን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። በዓለም ላይ 400 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ቀይ የደም ሕዋሳትን ከጉዳት የሚጠብቀው ጂ-ሲክስ-ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ያንሳቸዋል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። እንዲህ ያለ ሕፃን የናፍታሊን ሽታ ባልለቀቀው ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲጠቀለል ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሊፈርሱ፣ ቆዳውና ዓይኑም ክፉኛ ቢጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አእምሯቸው የተጎዳ ሕፃናትም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ናፍታሊንን ለብል መከላከያ መሸጥ ከልክሏል። ለአራስ የሚወርድ ልብስ አጠገብ ናፍታሊን ባይደርስ ነው የሚበጀው። ከዘመድ የመጣው ልብስ ሽታው ካለ ቀናት አየር ላይ ያስጡት፣ ይጠቡት፤ ከዚያም ሽታው ካልጠፋ ለአራሱ አያልብሱት።

የቆየን ልብስ ሳይፈትሹ ማልበስ

በቀድሞ ልብሶች ኮፍያና አንገት ላይ ማጥበቂያ ገመድ ይገኛል። ገመዱ ሸርተቴ ላይ ተይዞ ልጆችን አንቋል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1996 መመሪያ አወጣ፤ የአውሮፓው መስፈርት ደግሞ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በኮፍያና በአንገት ላይ ገመድ ጭራሹን አይፈቅድም። የወረደ ልብስ ከመስፈርቱ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ገመዱን ስቦ ማውጣት ሰከንዶች አይፈጅም። የላላ ቁልፍንም አጥብቆ መስፋት ወይም መንቀል ነው። የታላቁ ስም ውጪው ላይ ተጽፎ ከሆነ ያጥፉት፤ የታናሹንም ከውስጥ እንጂ ከውጭ አይጻፉ፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ሊጠራው አይገባም።

ልብሱን ከታላቁ ጋር ማወዳደሪያ ማድረግ

«ወንድምህ ሦስት ዓመት ለብሶት ምንም አልሆነም፤ አንተ በሳምንትህ ቀደድከው።» ይህ ዓረፍተ ነገር በስንት ቤት ተነግሮ ይሆን? ፍርዱም ትክክል አይደለም። ታላቁ ሦስት ዓመት ሲንበረከክበት ጉልበቱ ላይ ሳስቷል፤ ታናሹ የተቀበለው የሳሳውን ነው። የጨርቁን ድካም በልጁ ጥፋት መቁጠር ልጁ ያንን ልብስ እስከነአካቴው እንዲጠላው ያደርጋል። ጉልበቱን ከመቀደዱ በፊት ከውስጥ እራፊ ጨርቅ ደርቦ መስፋት ጭቅጭቁን ያስቀራል።

ሌላው በግድ ማመስገን ነው። ልጅ ያልመረጠውን ነገር ተቀብሎ ደስ እንዲለው ሲታዘዝ የሚማረው ስሜቱን መደበቅ ነው። ልብሱን ዘርግተው ያስመርጡት፤ ከመጣው ውስጥ የተወሰነውን «አልፈልግም» የማለት መብት ይስጡት። ቁልፎቹን ራሱ በመረጠው ቀለም መቀየር ወይም ኪስ መጨመር ብቻውን ልብሱን የእሱ ያደርገዋል። ሁሉም ነገሩ የወረደ የሆነ ልጅም ቢያንስ አንድ ለእሱ ተብሎ የተገዛ ወይም የተሰፋ ነገር ይገባዋል።

ታላቁም ይረሳል። ያደገበትን ጃኬት ሳይነገረው ታናሹ ላይ ሲያየው ተወሰደብኝ ይላል እንጂ ሰጠሁ አይልም። ከጠየቁት ብዙ ጊዜ በኩራት ይሰጣል፤ የትኛው ኪስ ጥልቅ እንደሆነ፣ የትኛው ዚፕ እንደሚያስቸግር ያስረዳል። የወረደ ልብስ ትልቁ ደስታ ያለው እዚህ ላይ ነው። ታናሽ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያደንቁት ታላቅ የለበሰውን ለብሶ ከጎኑ መሄድ፣ ኪሱ ውስጥም እሱ የረሳውን ጠጠር ማግኘት ሌላ ነው። ይህ ደስታ የሚመጣው ግን በስጦታ እንጂ በትእዛዝ አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ነገር፦ የወረደ ልብስ አልብሰው «እንዳታቆሽሽ» አይበሉ። ለጭቃና ለሣር ከዚህ የተሻለ ልብስ የለም።

ልጅን በአዋቂ እርምጃ መጎተት

አዋቂ በምቾት ሲራመድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። እጁን የያዘው የሦስት ዓመት ልጅ ያንን ለመከተል መሮጥ አለበት። እኛ ወክ ወጣን ስንል እሱ ሩጫ ላይ ነው፤ ከዚያ «እቀፈኝ» ሲል ሰነፍ እንለዋለን። ከሚወዱት ሰው ጋር መሄድ ፍጥነትን ለእሱ ማስተካከል ማለት ነው። አዋቂዎች ይህን ሳያስቡት ያደርጉታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት ወንዶች ከፍቅር ጓደኛቸው ጋር ሲራመዱ ፍጥነታቸውን ወደ እሷ ዝቅ አድርገው ተገኝተዋል። ለልጅ ይህ ሲነፈግ ያሳዝነኛል። የሚደረስበት ሰዓት ያለውን መንገድና ወክን ይለዩ። ወክ ከሆነ ልጁ ይምራ፤ ጉንዳን ሲያይ ይቁም፣ ግንብ ላይ ይውጣ። መቆሙም የጉዞው አካል ነው።

መንገዱን በጥያቄ ወይም በተግሣጽ መሙላት

ጎን ለጎን መሄድ ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይቀላል። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፣ ዝምታም አያሳፍርም፤ በዚህ የተነሳ ልጆችም ትልልቆችም የከበዳቸውን ነገር መንገድ ላይ ያወጡታል። ይህን የተረዳ ወላጅ አንዳንዴ ወክን የምርመራ ቦታ ያደርገዋል፤ «ስለ ውጤትህ እናውራ» ብሎ ይጀምራል። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ልጁ ጫማውን ላለማድረግ ሰበብ ይፈልጋል። ዝም ብለው ይሂዱ። ወሬው ከመጣ ይመጣል። ስልክም ኪስ ውስጥ ይቆይ፤ ሊናገር ያሰበ ልጅ ስልክ የያዘ እጅ ሲያይ ይተወዋል።

ብቻ መሄድን እንደ ብቸኝነት ማየት

«ብቻህን ምን ታደርጋለህ? አንድ ሰው ይዘህ ሂድ» ይባላል። ብቻ መሄድ ግን የጓደኛ መጥፋት አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን ዳውን በተባለው መንደር ሲኖር በቤቱ አጠገብ ሳንድዎክ የሚባል የአሸዋ መንገድ ነበረው፤ በየቀኑ እያሰላሰለ ይዞረው ነበር። ዙሩን ለመቁጠርም ድንጋዮች ከምሮ ባለፈ ቁጥር አንዱን ይገፋ እንደነበር ተጽፏል። በዚያው መንገድ ላይ ልጆቹ ይጫወቱ ነበር። አንዱ መንገድ ለብቻም ለአብሮነትም በቅቷል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናትም ሰዎች ሲራመዱ የሚያፈልቁት አዲስ ሐሳብ ተቀምጠው ካፈለቁት በአማካይ 60 በመቶ ያህል ጨምሮ አግኝቶታል፤ ከተቀመጡ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ውጤቱ ይቆያል። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ ላይ ግን መራመድ አልረዳም። ሒሳብ ለማስላት ይቀመጡ፤ የተቋጠረ ሐሳብ ለመፍታት ይውጡ። የጆሮ ማዳመጫውን ቢያንስ ለግማሹ መንገድ ቢተዉት መልካም ነው። ጆሮው የተያዘ ሰው ብቻውን ሄደ ለማለት ይቸግረኛል፤ መኪናም አይሰማም።

እርምጃ መቁጠርን ግብ ማድረግ

10,000 እርምጃ የሚለው ቁጥር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 16,741 በዕድሜ የገፉ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በቀን 4,400 እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ያነሰ የሞት አደጋ እንደነበራቸው፣ ጥቅሙም 7,500 አካባቢ ላይ ሲደርስ መጨመሩን እንዳቆመ አሳይቷል። አጭር ወክ ከንቱ አይደለም። ለልጅ ደግሞ ቁጥሩን ጨርሶ አያንሱበት።

ልጁ ብቻውን የሚሄድበትን ቀን ሳያዘጋጁት መጠበቅ

አንድ ቀን ልጁ ብቻውን ይወጣል። ቀኑ ድንገት እንዳይመጣበት አስቀድሞ ያንኑ መንገድ ደጋግሞ አብሮ መሄድ፣ ቀጥሎ እሱ እንዲመራ አድርጎ ከኋላ መከተል፣ መሻገሪያው ላይ ምን እንዳየ እንዲናገር መጠየቅ ይጠቅማል። ካፖርቱንም ያኔ እንደገና ይዩት። የወረደ ካፖርት ላይ ያለው አብረቅራቂ ጥብጣብ በተደጋጋሚ እጥበት ይደክማል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ መብራት አብርተውበት ብርሃኑን ካልመለሰ አዲስ ጥብጣብ ይስፉበት፤ ክንዱና ጀርባው ላይ፣ ከፊትም ከኋላም እንዲታይ። ኮፍያው ሰፊ ከሆነ ደግሞ ልጁ ራሱን ሲያዞር ኮፍያው አብሮ ካልዞረ የጎን እይታውን ይጋርደዋል፤ ያጥብቡት ወይም ይንቀሉት።