ምርቃቱ ከኋላ ወንበር እንዲሰማ፦ ትንሽ ሚክሰርና ሁለት አክቲቭ ስፒከር አገጣጠም

ጥር ሲመጣ ሰሜን ሸዋ ላይ በየሰፈሩ ዳስ ይጣላል፣ ስፒከር ይከራያል፣ ሙዚቃው ማዶ ድረስ ይሰማል፤ ሽማግሌ ተነስተው ሊመርቁ ሲሉ ግን ወይ ያፏጫል ወይ ድምፁ ይታፈንና ከኋላ የተቀመጠው ሰው ምን እንደተባለ ሳይሰማ ጎረቤቱን አይቶ አሜን ይላል። ይሄ በጣም ነው የሚቆጨኝ። ዕቃው አንሶ አይደለም እኮ፣ ብዙ ጊዜ አገጣጠሙ ነው። ሰርግ ይሁን የእድር ስብሰባ ይሁን የትምህርት ቤት ምረቃ መጀመሪያ ንግግሩ ጥርት ብሎ እንዲሰማ አድርጋችሁ ግጠሙ፣ ሙዚቃው ከዛ በኋላ ራሱ ይስተካከላል።

የሚያስፈልገው፦ ሁለት አክቲቭ ስፒከር (አምፕሊፋየሩ ውስጡ ያለ)፣ ቢያንስ ሁለት የማይክ መግቢያ ያለው ሚክሰር (የማይኩንና የሙዚቃውን ድምፅ የሚቀላቅለው ዕቃ)፣ ሁለት ዳይናሚክ ማይክ (ኤሌክትሪክ የማይፈልገው ተራው የእጅ ማይክ)፣ የስፒከር ስታንድ፣ የማይክ ስታንድ፣ በቂ የኤክስኤልአር ኬብል (ባለ ሦስት እግር ክብ መሰኪያ ያለው)። ሻጭ መጀመሪያ የሚነግራችሁ ዋቱን ነው፣ በዋት ብቻ ግን አትግዙ፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ፒክ የሚሉት ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ነው፣ ደሞ ዋቱ እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው፣ ጆሮ ላይ ትንሽ ከፍ አለ የሚባል አይነት። ሜዳ ላይ በተቃራኒው ከስፒከሩ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ትቀንሳላችሁ። ስለዚ ፊት ላይ ስፒከር ከመከመር ወደ ህዝቡ ማስጠጋቱ ይበልጣል።

አቀማመጥ ላይ ጊዜ ስጡ። ስፒከሮቹ ከማይኩ ፊት ወደ ህዝቡ በኩል ይሁኑ፣ ማይኩ ከስፒከሩ ጀርባ ይቅር፣ ግማሹ ፉጨት እዚህ ጋ ያልቃል። መሬት ላይ ወይ ወንበር ላይ አታስቀምጡ፣ ስታንድ ላይ አውጡትና የላይኛው ትንሹ ድምፅ ማውጫ ከተቀመጠው ሰው ጭንቅላት በላይ ይሁን፣ ምክንያቱም የንግግሩ ጥራት ያለው እዛ ላይ ነው፣ የፊት ረድፍ ሰው ከጋረደው ለኋላው ጉርምርምታ ብቻ ነው ሚደርሰው። ዳሱ ረጅም ከሆነ አንዱን ስፒከር ፊት፣ ሌላውን መሀል ላይ በዛው አቅጣጫ አዙሩት። ግን በጣም አታርቁት፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ ነው ሚሄደው፣ 10 ሜትር ያህል ልዩነት ላይ ችግር የለም፣ 25 ሜትር ላይ ግን ከመሀሉ የሚወጣው ቀድሞ የፊቱ ተከትሎ ስለሚደርስ ቃሉ ሁለት ጊዜ ይሰማል። የመሀሉ ስፒከር ዲሌይ (ድምፁን ትንሽ የሚያዘገይ ማስተካከያ) ካለው በዛ ታስተካክሉታላችሁ፣ ከሌለው አቀራርቡት።

ንፋሱን አትናቁት። ደብረ ብርሃንም መንዝም ደጋ ነው፣ ሜዳ ላይ የተተከለ ስፒከር ድንገት ይገለበጣል፣ ከስር ደሞ ልጆች ናቸው የሚጫወቱት። የስታንዱን እግር እስከመጨረሻው ዘርጉ፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ ጫኑበት፣ ኬብሉን እግር እንዳይጠልፈው በዳሱ ዳር አሳልፉት።

መብራት፦ ሚክሰሩና ስፒከሮቹ ከአንድ ሶኬት ይነሱ። ከተለያየ ቦታ ከመጣ እምምም የሚል ድምፅ ይፈጠራል፣ እሱን ለማጥፋት ብላችሁ የመሬት ሽቦውን እንዳትቆርጡ፣ ሰው ይገድላል። ከሁሉም በላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለበት መስመር ራቁ። ሰርግ ቤት እንጀራ ሲጋገር ምጣዱ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስፒከሩ ይቆራረጣል፣ ሰው ስፒከሩ ተበላሸ ይላል። ባለቤቷን ቀድማችሁ "እትዬ ምጣዱ በየትኛው ሶኬት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥቅል ኤክስቴንሽን ከሆነ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ ተጠቅልሎ ሲሰራ ይግላል። ጀነሬተር ከሆነ ደሞ አስነስታችሁ ድምፁ እስኪረጋ ጠብቁና ከዛ ሰኩ።

አሁን ኬብል። ከሚክሰሩ ሜን አውት (ዋናው የድምፅ መውጫ) ወደ ስፒከሩ ግቡ፣ ስፒከሩ ጀርባ ላይ ላይን እና ማይክ የሚል ማብሪያ ካለ ላይን ላይ አድርጉት፣ ማይክ ላይ ከቀረ ትንሽ ስትከፍቱት ድምፁ ይሰነጠቃል። የስፒከሩ ቮልዩም ግማሽ ላይ ይሁን። ፓን የሚሉትን፣ ድምፁን ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ የሚገፉትን ቁልፎች ሁሉ መሀል ላይ አድርጉ፣ ዳስ ውስጥ ስቴሪዮ ትርጉም የለውም፣ በግራ የተቀመጠውም በቀኝ የተቀመጠውም አንድ አይነት ነገር ነው መስማት ያለበት።

ማብራት ላይ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ፦ ፌደሩ (ወደ ላይ ወደ ታች የሚገፋው የድምፅ መጨመሪያ) ሁሉ ታች፣ መጀመሪያ ሚክሰር፣ መጨረሻ ስፒከር። ስታጠፉ ግልባጩ፣ መጀመሪያ ስፒከር። መብራት ድንገት ከጠፋም ቶሎ ብላችሁ ስፒከሮቹን አጥፏቸው፣ መብራቱ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ሲነሳ ጧ የሚለው ስፒከሩን ይጎዳል።

ጌይን (የማይኩ ድምፅ ሚክሰሩ ውስጥ ሲገባ የሚጨመርበት ቁልፍ) ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማይኩን አንድ ሁለት ብሎ በቀስታ ሞክሮ ስለሚተወው ነው። የሚናገረው ሰው በሚናገርበት ድምፅ ልክ ተናገሩ፣ ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ መለኪያው ዜሮ አካባቢ ሲደርስ ቁሙ፣ ቀዩ መብራት መብራት የለበትም። ከዛ የቻናሉን ፌደር ዜሮ ምልክቱ ላይ አድርጉና ሜን የሚለውን የጠቅላላውን ድምፅ ፌደር ከታች ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሎው ከት የሚል፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጥ ቁልፍ ካለ ለማይክ ሁሉ ተጫኑት፣ ንፋሱንም የእጅ ንክኪውንም ይቀንሳል። 48 ቮልት ወይ ፋንተም የሚለውን፣ ለማይክ ኤሌክትሪክ የሚልከውን ቁልፍ ደሞ ኮንደንሰር ማይክ (ኤሌክትሪክ የሚፈልገው አይነት) ከሌላችሁ አታብሩት።

ከስልክ ወይ ከላፕቶፕ ሙዚቃ ስታስገቡ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ባንድ ጫፍ ትንሽ ጃክ በሌላው አንድ ትልቅ ስቴሪዮ ጃክ ያለውን ኬብል የሞኖ መግቢያ ላይ ከሰካችሁ ሙዚቃው ሳስቶ ከሩቅ እንዳለ ይሰማል፣ ዘፋኙ ግን ይጠፋል። መግቢያው የሁለቱን መስመር፣ የግራና የቀኙን ልዩነት ነው የሚወስደው፣ የዘፋኙ ድምፅ ሁለቱም ላይ እኩል ስለሆነ ይጠፋፋል። መፍትሄው ባንድ ጫፍ ለሁለት የሚከፈል ኬብል ገዝቶ የሚክሰሩ ስቴሪዮ ቻናል ላይ ግራና ቀኝ መሰካት ነው።

አሁን ሽማግሌው። ማይክ ሲሰጣቸው ደረታቸው ላይ ነው የሚይዙት፣ ጋቢው ደሞ ማይኩ ላይ ይታሻል፣ እናንተ ድምፁን ስትጨምሩ ያፏጫል። ፌደር መጨመሩን ትታችሁ ሄዳችሁ "አባባ ትንሽ ወደ አፍዎ ጠጋ ያርጉልኝ" በሉ፣ ወይ የማይክ ስታንድ አገጫቸው ጋ አስተካክላችሁ አቁሙላቸው፣ እጃቸውም ለምርቃቱ ነፃ ይሆናል። ከአፍ ሦስት አራት ጣት ያህል ይበቃል። የማይኩን ራስ በመዳፍ መሸፈን ያስጮሃል፣ ግንዱ ነው የሚያዘው። የማይጠቀሙበትን ማይክ ዝጉ፣ አንድ የተረሳ ክፍት ማይክ ሁሉንም ያበላሻል። አሁንም ከጮኸ ፌደሩን ትንሽ አውርዱ፣ ቀጭን ፊሽካ ከሆነ ከትሬብሉ ወይ ከሚዱ፣ ወፍራም ሁሁታ ከሆነ ከቤዙ ጥቂት ቀንሱ።

ሰው ሳይመጣ ኋላ ወንበር ድረስ ሄዳችሁ አዳምጡ፣ ሌላ ሰው ይናገርላችሁ። ዳሱ ሲሞላ ህዝቡ ድምፅ ስለሚውጥ ትንሽ መጨመሪያ ቦታ አስቀሩ። ምርቃት ሲጀመር ሙዚቃውን ዝቅ ማድረግ ሳይሆን ዝጉት።

ከደብረ ብርሃን ብርድ በጣርማ በር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ዕቃውን ወዲያው አታብሩት፣ የቀዘቀዘ ብረት ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲያገኘው ላብ ያወጣል፣ በቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ስትመለሱ ኬብሉን ክርን ላይ አትጠቅልሉት፣ ውስጡ ይጣመምና ይበጠሳል፣ ሰፋ ባለ ክብ ሰብስባችሁ እሰሩት፣ ሲቆራረጥ የነበረውን ደግሞ ቀይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ለብቻው አስቀምጡት።