ሐዘንተኛ ልጅ ያለበት ፊልም ሲጻፍ የሚሠሩ ስህተቶች

አባቱ የሞተበት የ16 ዓመት ልጅ፣ ቤተሰቡ ለዓመታት የደበቀው ምስጢር። ግሩም ታሪክ ነው፤ የሚበላሸው አጻጻፉ ላይ ነው።

ልጁን በየትዕይንቱ ማስለቀስ
ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚላላከው እሱ ነው። ወንበር ያመላልሳል፣ ንፍሮ ያዞራል፣ ለእንግዳ ውኃ ያቀርባል። ማልቀሻ ጊዜ የለውም። እንባው እድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ከሄደ በኋላ ይምጣ። ወይም የአባቱ ስልክ ሲጠራ፦ መርዶውን ያልሰማ ሰው «አባትህን አገናኘኝ» ይለዋል፤ ልጁም «የለም» ብሎ ይዘጋል። ከዚህ በላይ ንግግር አያስፈልግም።

ጊዜውን መዝለል
ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ ሙት ዓመት። ባህሉ የታሪኩን አጥንት አዘጋጅቶ ሰጥቶናል። በሠልስቱ ግቢው አይበቃም፤ በሰማንያው ማን እንደቀረ ይታያል።

ምስጢሩን ከሳጥን በተገኘ ደብዳቤ ማውጣት
ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምስጢር በትክክል የሚወጣበት በር አጠገባችን አለና። ባንክ ያለውን ገንዘብ ለማውጣት፣ የቤቱን ካርታ ስም ለማዛወር የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል። ስለሟች ልጆች ምስክር ይሰማል። ምስጢሩ አባትየው ከጋብቻ ውጭ የወለዳት ልጅ ናት እንበል፤ እዚያ አጎትየው «ደሴ ያለችውስ?» ቢልስ? ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ ከሌሎቹ እኩል ወራሽ ያደርገዋል። ስለዚህ ልጅቷ ስትመጣ የሚኖሩበት ቤት ጉዳይም አብሮ ይነሳል፤ ልጁ እህት በማግኘቱ ሊደሰት ሲል የእናቱን ፊት ያያል።

እናትን ውሸታም አድርጎ መሣል
የፊልሙ ልብ እዚህ ይመስለኛል። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አስቡ። ርቆ ለሚማር ልጅ «አባትህ ትንሽ አሞታል፣ ና» ይባላል፤ እውነቱን የሚሰማው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋ ሲል ነው። ለእሱ በማዘን ይደብቁታል። እናቱ እህቱን የደበቀችውም በዚሁ ልማድ፣ በዚሁ አንጀት ነው። ፊልሙ በመርዶው ቢጀምር ተመልካቹ ሁለተኛውን ዝምታ ሲያገኝ የመጀመሪያውን ያስታውሳል፤ ልጁም እናቱን በምን ቃል እንደሚወቅሳት ይጠፋዋል።

እህትና ወንድምን ቶሎ ማስታረቅ
ፍርድ ቤት በር ላይ አይተቃቀፉ። በሰማንያው ቀን እሷ አጥሩ ጋ ቆማ ትቅር፤ እሱም እንደ ለቅሶው ሰሞን ወንበር ይዞላት ይውጣ።