የድረ ገጹ ፎርም «ተልኳል» እያለ መልእክቱ አልደርስ ሲል

ከሥራ ከተቀነስኩ በኋላ ድረ ገጽ እየሠራሁ መኖር ጀመርኩ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ነበረች። በዎርድፕረስ (ድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር) ሠርቼ አስረከብኩ። በሳምንቱ ባለቤቷ ደወሉ፦ «ልጄ፣ አንድም ሰው አልጻፈልንም እኮ።»

ራሴ ሞከርኩት። ፎርሙ «መልእክትዎ ተልኳል» ይላል። ጂሜይል ውስጥ ግን የለም። ስፓም ውስጥም የለም።

ሦስት ቀን በከንቱ ሄደ። የፎርሙን ፕለጊን (በዎርድፕረስ ላይ የሚጫን ተጨማሪ መሣሪያ) ቀየርኩ፣ ያው ነው። ካሽ (ገጹ ቶሎ እንዲከፈት የሚቀመጠውን ቅጂ) አጸዳሁ። ጭራሽ ቴሙንም (የገጹን መልክ) ቀየርኩት፤ ያ እንኳን የጭንቅ ነበር።

ለካ ፎርሙ ጤነኛ ነው። ዎርድፕረስ ካልነኩት በስተቀር ኢሜይል የሚልከው በሰርቨሩ ፒኤችፒ (ዎርድፕረስ የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ) ነው፣ ያለ ማረጋገጫ። ጂሜይል ደግሞ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላኪው ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም (ኢሜይሉ በዶሜኑ ፈቃድ መላኩን የሚያሳዩ ማረጋገጫዎች) እንዲኖረው ይጠይቃል። በዚያ ላይ የላኪ ቦታ ላይ የጎብኚውን አድራሻ አስገብቼ ነበር። በሰው ስም እንደመላክ በሉት።

የሠራልኝ ይኸው። በማረፊያዋ ዶሜን (በድረ ገጿ ስም) የኢሜይል አድራሻ ከፈትኩ። ደብልዩፒ ሜይል ኤስኤምቲፒ የሚባለውን፣ ኢሜይሉን በዚያ አድራሻ በኩል የሚልክ ፕለጊን ጭኜ የአድራሻውን የይለፍ ቃል፣ ፖርት (የመላኪያ በር ቁጥር) 587 እና ቲኤልኤስ (ግንኙነቱን የሚመሰጥር) ሞላሁ። ላኪ ይኸው አድራሻ ሆነ፤ የጎብኚው ወደ መልስ መቀበያው ሄደ። ከዚያ ዲኤንኤስ (የዶሜኑ መዝገብ) ላይ ሆስቲንጉ (ድረ ገጹን የሚያስቀምጠው ድርጅት) የሰጠኝን የኤስፒኤፍ መስመር ጨመርኩ። ቀድሞ ካለ ግን ሁለተኛ አትጨምሩ፣ ያለው ላይ አዋህዱት። ሁለት ከሆነ ማረጋገጫው ይወድቃል።

ጂሜይል ላይ የመልእክቱን ኦሪጅናል ከፍቼ ሳይ ኤስፒኤፍ «ፓስ» (አለፈ) ይላል። በማግስቱ ባለቤቷ እንደገና ደወሉ፣ ሁለት ሰው ክፍል ጠይቋል።