የመጀመሪያ ሥራውን ለሚጀምር ወጣት

ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ሥራ ባገኘ ጊዜ በደስታ ብዛት ውሉን ሳያነብ ሊፈርም ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ ስለማይችል፣ ከመፈረምዎ በፊት ይህን፣ የደመወዙን መጠንና የሥራውን ዓይነት አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ የውሉንም ቅጂ ይያዙ። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን በጽሑፍ አድርጎና ፈርሞ መስጠት አለበት።

ደመወዙ በተነገረዎት ልክ እጅዎ አይገባም። በግል ድርጅት ከደመወዝዎ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምራል፤ የሥራ ግብርም ስለሚቀነስ፣ ቤት ከመከራየትዎ በፊት የተጣራውን ያስሉ። እቁብ መግባትን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣልዎ ግን ስለማይታወቅ ለኪራይ አይመኩበት። ለወላጆች የሚልኩትንም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በአቅምዎ ይወስኑ፤ ጀምሮ መቀነስ ሁለቱንም ወገን ያስከፋል።

የትምህርት ውጤትዎ ያስቀጥርዎታል እንጂ ሥራውን አያስተምርዎትም። ያልገባዎትን ነባር ባልደረባዎን በትሕትና ይጠይቁ፣ የተነገረዎትንም በማስታወሻ ይጻፉ፤ ደጋግሞ ከመጠየቅ ያድናል። ሲለቁም የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀትዎን ሳይቀበሉ አይውጡ፤ አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል።