«መቼ ነው የምትጨርሺው?»፦ ከተሰራጨ የጡት ካንሰር ጋር ሲኖሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካንሰሩ አጥንቷ ውስጥ መግባቱ ከተነገራት ወዲህ ታላቅ እህቴን እንደ አንድ ጥያቄ ያደከማት ነገር የለም። «ሕክምናውን መቼ ነው የምትጨርሺው?» ጠያቂዎቹ ክፋት የለባቸውም። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ኬሞ ወስዳ፣ ድና ወደ ሥራዋ የተመለሰች ሰው ያውቃሉ። የእህቴ መንገድ ግን ሌላ ነው። አራተኛ ደረጃ የሚባለው የተሰራጨ የጡት ካንሰር በአብዛኛው ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን ይታከማል። አንድ መድኃኒት እስከሠራ ድረስ ይወሰዳል፤ መሥራት ሲያቆም በሌላ ይተካል። ሕክምናው ይቀያየራል እንጂ አያልቅም።

ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን በሽታ ገና ባልተሰራጨው መስፈሪያ ከመስፈር ነው። እኔ ራሴ የሠራኋቸውም አሉበት።

«አሁን ደግሞ የአጥንት ካንሰር ያዛት» ማለት

ይሄ የኔ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስለ አጥንት ካንሰር ሳነብ ከረምኩ። ያነበብኩት ሁሉ እህቴን አይመለከትም ነበር። የጡት ካንሰር አጥንት፣ ጉበት፣ ሳንባ ወይም አንጎል ውስጥ ቢገባም የጡት ካንሰርነቱን አይለቅም። ሕዋሶቹ ከጡት የመጡ ናቸው፤ የሚታከሙትም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው።

በድሮው የናሙና ውጤት መቆየት

«የጡት ካንሰር» የሚለው ስም ብቻውን ብዙም አይናገርም። ሐኪሙ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ሕዋሱ የሆርሞን ተቀባይ አለው ወይ፣ ሄር-2 የተባለው ፕሮቲን በዝቶበታል ወይ የሚለውን ነው። ሦስቱም ከሌሉ፣ ማለትም ኤስትሮጅን ተቀባይ፣ ፕሮጄስትሮን ተቀባይና የበዛ ሄር-2፣ «ትሪፕል ኔጋቲቭ» ይባላል። መድኃኒቱ የሚመረጠው በዚህ ነው።

ችግሩ፣ ይህ መታወቂያ ይቀየራል። ከዓመታት በፊት ከጡት የተወሰደው ናሙና ያሳየውና ዛሬ ከጉበት የሚወሰደው የሚያሳየው ላይገጥሙ ይችላሉ። ስለዚህ በሽታው መሰራጨቱ ሲታወቅ፣ የሚቻል ከሆነ፣ አዲስ ናሙና እንዲወሰድ መጠየቅ ተገቢ ነው። «ባለፈው ተመርምሬያለሁ እኮ» ብሎ መተው ያስቆጫል።

መታወቂያው ባይቀየር እንኳ አነባበቡ ሊቀየር ይችላል። ለብዙ ዓመታት ሄር-2 ወይ አለ ወይ የለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ግን ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን የተባለው መድኃኒት ሄር-2 ትንሽ ብቻ ላለባቸው ሰዎችም ዕድሜ እንደሚያራዝም አሳየ። ትናንት «ኔጋቲቭ» ተብለው የተመዘገቡ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ አዲስ አማራጭ አገኙ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሄር-2 ውጤት 0 ነው፣ 1 ነው ወይስ 2? ድሮ ማንም ግድ ያልነበረው ቁጥር ዛሬ ትልቅ ጉዳይ ነው።

በላዩ ላይ የጂን ምርመራ አለ። ብራካ 1 ወይም ብራካ 2 ላይ በዘር የሚተላለፍ ለውጥ ያለባቸው፣ ሄር-2 ኔጋቲቭ የሆኑ ሕሙማን ኦላፓሪብ ወይም ታላዞፓሪብ የተባሉት መድኃኒቶች ሊሰጧቸው ይችላሉ። ኢኤስአር 1 በሚባለው ጂን ላይ የሚታየው ለውጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው የሆርሞን ሕክምና ሲወሰድ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት «የለም» የተባለው ዛሬ ሊኖር ይችላል። በደም ምርመራም ይገኛል፤ ይህ ለውጥ ላለባቸው ኤላሰስትራንት የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ነው።

ቁጥርን እንደ ፍርድ ማንበብ

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ የጥናት ውጤት እንዲህ ይላል፦ ሪቦሲክሊብ የተባለውን መድኃኒት ከሆርሞን ሕክምና ጋር የወሰዱ ሴቶች መካከለኛ የመኖሪያ ጊዜ 63.9 ወር፣ የሆርሞን ሕክምና ብቻ የወሰዱት 51.4 ወር። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ «63 ወር ቀረኝ» ብሎ መቁጠር ይጀምራል። ቁጥሩ ግን የጊዜ ገደብ አይደለም። ግማሾቹ ከዚያ በላይ ኖረዋል ማለት ነው፤ አንዳንዶቹም ከዚያ በጣም ርቀው። ደግሞ ጥናቱ ሆርሞን ተቀባይ ያለው፣ ሄር-2 ኔጋቲቭ የሆነ፣ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶች ላይ የተሠራ ነው። ትሪፕል ኔጋቲቭ የሆነች ሴት ብታነበው ስለ ሌላ በሽታ እያነበበች ነው።

የአምስት ዓመት ስሌቶችም አሉ። እነሱ በባሕርያቸው ያረጁ ናቸው። ስንቱ አምስት ዓመት እንደኖረ ለማወቅ ቢያንስ ከአምስት ዓመት በፊት ከታመሙት መነሳት ግድ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡትን መድኃኒቶች አይቆጥሩም።

«በሽታውን አቆመ» እና «ዕድሜ አራዘመ» የሚሉትን ማደባለቅ

ዜና ላይ «አዲሱ መድኃኒት የበሽታውን ግስጋሴ በግማሽ ቀነሰ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወራው በሽታው ሳይገፋ ስለቆየበት ጊዜ ነው። ዕድሜ ስለመጨመሩ ላይሆን ይችላል።

ለዚህ ቤቫሲዙማብ ከተባለው መድኃኒት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ከኬሞ ጋር ሲሰጥ በሽታው ሳይገፋ የሚቆይበትን መካከለኛ ጊዜ ከ5.9 ወር ወደ 11.8 ወር አሳደገ። እጥፍ ማለት ነው። በዚህም የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 ለተሰራጨ የጡት ካንሰር ፈቀደው። ኋላ የመጡት ጥናቶች ያን ያህል ጥቅም አላገኙበትም፤ ዕድሜም አላራዘመም፤ ጉዳቱ ግን ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ፈቃዱ ተነሣ።

በሽታው ሳይገፋ መቆየቱ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ኬሞን በስድስት ወር ማዘግየት፣ ያለ ሕመም መክረም፣ ለታማሚው ትልቅ ነገር ነው። ብቻ የትኛው እንደተለካ ይጠይቁ። ከዚያ ደግሞ «ሰዎቹ በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን ይሰማቸው ነበር?» ብለው ይጨምሩ። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም ይሄ ነው።

«ጠንከር ባለ ቁጥር ይሻላል» ብሎ ማሰብ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች እጅግ ከፍተኛ መጠን ያለው ኬሞ እየተሰጣቸው የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ይደረግላቸው ነበር። ሐሳቡ «ካንሰሩን በሙሉ ኃይል እንምታው» ነው። ያስኬዳል የሚል ጥሩ ውጤት ሲያቀርብ የነበረው ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ቨርነር ቤዝቮዳ እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱን ማጭበርበሩ ተጋለጠ። በዚያው ዓመት የታተመ የአሜሪካ ጥናትም በተሰራጨ የጡት ካንሰር ላይ ከተለመደው ኬሞ የበለጠ ዕድሜ እንደማይሰጥ አሳየ። ያ ሁሉ ስቃይ በከንቱ!

ዛሬ ስህተቱ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። ታማሚዋ ተቅማጡን፣ የእግር መደንዘዙን፣ የአፍ ቁስሉን ሆድ ይፍጀው ብላ ትደብቃለች። መጠኑ ከተቀነሰ መድኃኒቱ የማይሠራ ይመስላታል። እህቴ ሦስት ወር ጥርሷን ነክሳ ከቆየች በኋላ ነው የተናገረችው፤ መጠኑ አንድ ደረጃ ሲቀነስላት እንደገና ደረጃ መውጣት ቻለች። በዚህ በሽታ የሚወስዱት መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚችሉት መሆን አለበት። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2021 «ፕሮጀክት ኦፕቲመስ» የሚል ሥራ የጀመረው፣ የካንሰር መድኃኒት አምራቾች ሰው የሚችለውን ትልቁን መጠን ብቻ ሳይሆን የሚበጀውን መጠን እንዲፈልጉ ነው።

የማስታገሻ ሕክምናን መሸሽ

«ወደ ማስታገሻ ክፍል ላኩኝ፤ ተስፋ ቆረጡብኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ማስታገሻ ከካንሰሩ መድኃኒት ጎን ለጎን፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚሰጥ ነው። ሕመምን፣ ማቅለሽለሽን፣ እንቅልፍ ማጣትን፣ ጭንቀትን ያክማል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ቶሎ የጀመሩት ሰዎች የተሻለ ኑሮ እንደኖሩ፣ ረዘም ላለ ጊዜም እንደቆዩ አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራው በሳንባ ካንሰር ላይ ነው እንጂ በጡት አይደለም፤ ግን የካንሰር ሕክምናን አስተሳሰብ ቀይሯል።

ከመድኃኒቱ ጋር «ምንም አይልም» ብሎ ሌላ ነገር መውሰድ

ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ገር አይደለም። ግሬፕፍሩት የተባለው ፍሬ ፓልቦሲክሊብ የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒት በደም ውስጥ እንዲበዛ ያደርጋል። ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው ዕፅ ደግሞ በተቃራኒው ያሳንሰዋል። ሐኪሙ አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይንገሩት።

እስከ ቀጠሮ ድረስ መጠበቅ

አጭር ነው፤ ግን ከሁሉም በላይ ይህን ያስታውሱ። ኬሞ ላይ እያሉ ሙቀትዎ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ በዚያው ሰዓት ይደውሉ ወይም ይሂዱ። የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል፣ ከመደንዘዝ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ፣ ካንሰሩ የአከርካሪ ነርቭን እየተጫነ ሊሆን ይችላልና ማደር የለበትም። ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን የሚወስዱ ከሆነ አዲስ ሳልና የትንፋሽ ማጠርን እንደ ጉንፋን አይለፉ። ዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም ዴኖሱማብ የተባሉትን የአጥንት መድኃኒቶች ከመጀመርዎ በፊት ደግሞ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ መድኃኒቶቹ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት ይጎዳሉ፤ ጥርስ ማስነቀል ደግሞ አደጋውን ይጨምራል።

የሙከራ ጥናትን ለመጨረሻ ማቆየት

ብዙ ጥናቶች ከዚህ በፊት ስንት ዓይነት ሕክምና እንደወሰዱ ይቆጥራሉ። ከተወሰነ ቁጥር ካለፈ አይቀበሉም። «ሁሉም ካለቀ በኋላ እሞክረዋለሁ» ያለ ሰው በሩ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል። «ባዶ ክኒን ይሰጡኛል» የሚለውም ፍርሃት አለ። በካንሰር ጥናት ግን ባዶ ክኒን ካለ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ተደርቦ ነው የሚሰጠው፤ ለማንኛውም ይህ ከመፈረም በፊት በጽሑፍ መገለጽ አለበት። እህቴ መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር የምትጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ «አሁን የምገባበት ጥናት አለ?» እና «ይህን ብጀምር የትኛው ጥናት ይዘጋብኛል?» ሁለተኛውን ስትጠይቅ ሐኪሟ ብዕሩን አስቀምጦ ወንበሩን ወደ እሷ ያዞራል።