የወሊድ መከላከያ ፓች ልትጀምሪ ነው? የቱን እንደምትመርጪ ላስረዳሽ

ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ፓች ስሙ ብዙ ስለሆነ ግራ ያጋባል እንጂ ውስጡ ያለውን ሆርሞን ካየሽ ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ የነ ኤቭራ ወገን ነው፣ ዙሌንና ዛፌሚም እዛው ናቸው፣ ሁሉም ኖሬልጀስትሮሚን የሚባል ፕሮጀስቲን (እርግዝናን የሚከላከል አንዱ የሆርሞን አይነት) ኤስትሮጅን ከሚባል ሌላ ሆርሞን ጋር ነው ያላቸው። ሌላው ትዊርላ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ የተፈቀደ፣ እሱ ደግሞ ብዙ ኪኒኖች ውስጥ ያለውን ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ፕሮጀስቲን ነው የያዘው። ስለዚህ ከዙሌንና ከዛፌሚ የቱ ይሻላል ብለሽ አትጨነቂ፣ መድሀኒቱ አንድ ነው፣ ያገኘሽውን ውሰጂ።

ግን ከዛ በፊት ፓች ለኔ ይሆናል ወይ የሚለው መመለስ አለበት። ሁሉም ፓች ኤስትሮጅን አለው፣ ኤስትሮጅን ደግሞ ደም የመርጋት እድልን ይጨምራል። እድሜሽ 35 እና ከዛ በላይ ሆኖ ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ፣ እግርሽ ወይ ሳንባሽ ላይ ደም ረግቶብሽ ካወቀ፣ ያልተስተካከለ ደም ግፊት ካለብሽ፣ የጡት ካንሰር ወይ ከባድ የጉበት በሽታ ካለ፣ ወይ ማይግሬንሽ ከመጀመሩ በፊት አይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ከታየሽ ፓች ይቅርብሽ። ኤስትሮጅን የሌላቸው ሉፕ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ ፕሮጀስቲን ብቻ ያለው ኪኒን አሉልሽ፣ የጡት ካንሰር ካለብሽ ግን ሆርሞን ያለው ሁሉ ስለማይሆን ሆርሞን የሌለውን ሉፕ ጠይቂ፣ ከባድ የጉበት በሽታ ካለብሽም የቱ እንደሚሆንሽ ሀኪምሽ ይወስን። ገና ከወለድሽ ደግሞ ቢያንስ 3 ሳምንት መጠበቅ አለ፣ የምታጠቢ ከሆነ ከዛም በላይ ስለሆነ ሀኪምሽን ጠይቂ። እባክሽ ሲጋራሽንም ራስ ምታትሽንም አፍረሽ ወይ ቀላል መስሎሽ አትደብቂ፣ ሀኪሙ የሚጠይቅሽ ሊፈርድብሽ አይደለም።

እሱን ካለፍሽ ቀጥሎ ኪሎ ነው፣ እኔ ትልቁ መለያ ይሄ ነው ብዬ ነው የማምነው። ኪሎሽን በሜትር ቁመትሽ ሁለቴ አካፍዪው፣ የሚወጣው ቢኤምአይ ነው። 30 እና ከዛ በላይ ከሆነ ሁለቱም አይሰጡም። ከ25 እስከ 30 ከሆነ ትዊርላ የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ከነ ኤቭራ ወገን የሆነው ዙሌን የሚዳከመው ደግሞ ኪሎው ወደ 90 ሲደርስ ነው። ለምሳሌ ቁመትሽ 1.60፣ ኪሎሽ 70 ቢሆን ቢኤምአይሽ 27 ገደማ ነው፣ ስለዚህ እኔ ብሆን ወደ ዙሌን ነው የምሄደው። ከ25 በታች ከሆንሽ ግን ሁለቱም ክፍት ናቸው።

ያኔ የሆርሞኑን መጠን እዪ። ዙሌን በቀን 35 ማይክሮግራም ኤስትሮጅን ይለቃል፣ ትዊርላ 30። ቁጥሩ የተቀራረበ ይመስላል ግን ከነ ኤቭራ ወገን ሰውነትሽ በጠቅላላ የሚያገኘው ኤስትሮጅን ባለ 35 ማይክሮግራሙን ኪኒን ከመዋጥ በ60 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ከዚህ በፊት ኪኒን ጡትሽን እያሳመመ፣ እያቅለሸለሸ ካስቸገረሽ ይሄን ለሀኪምሽ ንገሪ፣ ወደ ትዊርላ ማዘንበሉ ያስኬዳል። ቆዳሽ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ ደግሞ ስፋቱም ይታሰብ፣ ዙሌን 14 ስኩዌር ሴንቲሜትር ነው፣ ትዊርላ እጥፉ 28። ክንድሽ ላይ ማድረግ ከፈለግሽም ዙሌን ነው፣ ትዊርላ ሆድ፣ መቀመጫና የላይኛው ሰውነት ላይ ብቻ ነው። ጡት ላይ የትኛውም አይለጠፍም።

አጠቃቀሙ ለሁለቱም አንድ ነው። በሳምንት አንድ፣ ሁሌ በአንድ ቀን፣ 3 ሳምንት ከዛ 1 ሳምንት ያለ ፓች፣ ፔሬድ የሚመጣው ያኔ ነው። ፔሬድሽ በጀመረበት ቀን ከለጠፍሽ ወዲያው ይሰራል፣ በሌላ ቀን ከሆነ ግን 7 ቀን ኮንዶም ጨምሪበት። የምትለጥፊበት ቦታ ደረቅ ይሁን፣ ሎሽንም ቅባትም አይንካው፣ በመዳፍሽ 10 ሰከንድ ያህል ተጫኚው፣ በየሳምንቱም ቦታ ቀይሪ።

ቢላቀቅስ? 24 ሰአት ካልሞላው መልሰሽ ለጥፊው፣ እምቢ ካለ በፕላስተር አትታገዪ አዲስ አድርጊ፣ የመቀየሪያ ቀንሽ አይቀየርም። ከ24 ሰአት ካለፈ ወይ መቼ እንደወደቀ ካላወቅሽ አዲስ ዙር ጀምሪና 7 ቀን ኮንዶም። ከሁሉም የምፈራው ግን የእረፍቷ ሳምንት ከ7 ቀን ስታልፍ ነው፣ እንቁላል የሚለቀቀው ያኔ ስለሆነ ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪ። በትክክል ሲጠቀሙበት በአመት ከ100 ሴት አንዷም አታረግዝ ማለት ይቻላል፣ እንደ ሰው እየረሱ ሲጠቀሙበት ግን ወደ 7 ይደርሳሉ።

ሌላ የምትወስጂው መድሀኒት ካለም ተናገሪ፣ የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድሀኒቶቹ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ፓቹን ያዳክሙታል። ከአባላዘር በሽታና ከኤች አይ ቪም አይጠብቅም።

የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነጠብጣብ ደም ቢታይሽ የተለመደ ነው፣ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። ግን አንድ እግርሽ ካበጠና ካመመሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ከዚህ በፊት የማታውቂው ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወይ አይንሽ ድንገት ከጋረደሽ ፓቹን ላጥ አድርጊና ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ ነገ አትበዪ።