ካህን በማይመጣበት እሑድ ቤተክርስቲያን እንዴት ይከፈት?

የእኛ ቁምስና (በአንድ ካህን ኃላፊነት ሥር ያለ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር) ትንሽ የገጠር ቁምስና ናት። አባ፣ ካህናችን ማለቴ ነው፣ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደሉም፤ አጎራባች ቁምስናዎችም አሉባቸው። እኛ ያለንበት የካቶሊክ ቤተክርስቲያን የላቲን ሥርዓት የሚመራበት የ1983ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕገ ቀኖና፣ ማለትም የቤተክርስቲያኒቱ ሕግ፣ ካህናት ሲያንሱ አንድ ቆሞስ (የቁምስና ኃላፊ ካህን) እንዲህ ደርቦ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ስለዚህ ብዙ እሑዶች ያለ ቅዳሴ ያልፋሉ። እኔ የንባብ ተረኞችን የማዘጋጀው ነኝ። እዚህ የምጽፈው እነዚያን እሑዶች እንዴት እንደምናከብራቸው ነው። እንደኛ ያለ ቦታ ላይ ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከልቤ እከራከራለሁ። በሩ በየእሑዱ፣ በዚያው ሰዓት መከፈት አለበት። ጥቂት ሰው ቢመጣም ይከፈት። ዝናብ ቢሆንም፣ የአጨዳ ሥራ ቢደራረብም ይከፈት። «ዛሬ አባ የሉም፣ ቅሩ» የተባለ ሰው አባ በመጡ ቀንም መቅረት ይቀለዋል። ያንን ሰው መመለስ ደግሞ በሩን ከመክፈት በጣም ይከብዳል።

ሥራው የሚጀምረው ቆሞሱን በማናገር ነው። በራሳችሁ ተነስታችሁ አትጀምሩ። እንዲህ ያለ የእሑድ ጸሎት የሚካሄደው በጳጳሱ ፈቃድና በቆሞሱ ኃላፊነት ነው። ማን እንደሚመራ፣ ቅዱስ ቁርባን ይታደል ወይስ አይታደል፣ ማንስ ያድላል የሚለው ከቆሞሱ ጋር ይወሰናል። ሌላም የምትጠይቁት አለ፦ ቅርብ ያለ ቤተክርስቲያን በዚያ እሑድ ቅዳሴ አለው? ካለውና መንገዱ የሚያስኬድ ከሆነ ተሰባስባችሁ ወደዚያ ሂዱ። ቅዳሴን የሚተካ ነገር የለም። መኪና ያለው አቅመ ደካሞችን ይጫን፣ እግሩ የሚችል በጊዜ ይነሳ። መሄድ ካልተቻለ ሕገ ቀኖናው ራሱ ምእመናን በቁምስናቸው በሚደረገው የቃለ እግዚአብሔር ሥርዓት እንዲሳተፉ አጥብቆ ይመክራል።

ቀጥሎ የተራ ሰሌዳ አውጡ። የሦስት ወር ቢሆን ጥሩ ነው። በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በር አጠገብ ይለጠፍ። ማን ይከፍታል፣ ማን ያጸዳል፣ ማን ያነባል፣ መዝሙር ማን ያነሳል፣ ቅዱስ ቁርባን ፊት ያለውን መብራት ማን ያያል፣ ሁሉም ስሙ ይቀመጥ። ቁልፍ ቢያንስ ሁለት ሰው ጋ ይኑር። ሁሉን ነገር አንድ ጎበዝ ሰው ላይ መጣል ያው የተለመደ ነገር ነው፤ ያ ሰው የታመመ ቀን ግን ቁምስናው አብሮት ይተኛል። ሴቶችን ወደ ጽዳትና አበባ ብቻ አትግፉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጥር 2021 (እ.ኤ.አ.) የአንባቢነትንና የአኮሊትነትን (በመሠዊያው ዙሪያ የመርዳትን) አገልግሎት በይፋ ለሴቶችም ከፍተዋል። ዝም ብሎ ከኋላ የሚቀመጠውንም ሰው ጠይቁት። ብዙ ሰው የሚቀረው ማንም ስለማይፈልገው ይመስለዋልና። «ወንድሜ፣ እሑድ ደወሉን አንተ ትደውልልን?» ማለት ብቻውን ሰው ያመጣል።

አሁን ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ፣ ወደ ንባቡ። ቅዳሴ በሌለበት ቀን የእሑዱ ዋና ነገር ቃሉ ነው። ንባቡ ከተበላሸ ሰው ባዶውን ወደ ቤቱ ይሄዳል። የእሑድ ንባቦች በሦስት ዓመት ዙር የሚመላለሱ ናቸው፤ የትኛው ዓመት ላይ እንዳላችሁ አባን ጠይቃችሁ የወሩን ዝርዝር አንድ ላይ ጻፉ። አንባቢው ንባቡን እሑድ ጠዋት ሳይሆን ሐሙስ ይያዘው። ቤቱ ሆኖ ድምፁን አውጥቶ ያንብበው።

ቅዳሜ ማታ ደግሞ ቤተክርስቲያን እንገናኛለን። አንባቢው ፊት ይቆማል፣ እኔ ከመጨረሻው ወንበር እሰማለሁ። አንድ ልጅ ነበረን፤ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ግን ሲያነብ ይሮጣል። የበዓለ ኀምሳን ንባብ ደረሰው። «የጳርቴና የሜድ የኢላሜጤም ሰዎች» የሚለው ጋ ሲደርስ ስሞቹን ቶሎ ሊገላገላቸው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እርሳስ ሰጠሁት። ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ሁሉ ላይ ትንሽ ሰረዝ አደረገ። ከዚያ እያንዳንዱን ሕዝብ ቆሞ እንደሚያየው ሰው እየጠራ አነበበ። በማግስቱ ጆሮአቸው የደከመ አንድ አባት «ዛሬስ ሰማሁ» አሉ። ያ ልጅ አሁን ሌሎችን ያለማምዳል። እርሳስ መያዝ አትርሱ፤ በተለይ የጳውሎስ መልእክት ሲሆን። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፣ መሃል ላይ ትንፋሽ ካጠረ ሐሳቡም አብሮ ይቆረጣል።

የጸሎቱን አካሄድ በተመለከተ ቫቲካን በ1988 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ አለ። ጥብቅ የሚላቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው፣ ምክንያታቸውም ግልጽ ነው፦ ሰው ይህን ከቅዳሴ ጋር እንዳያምታታ። የሚመራው ምእመን በካህኑ ወንበር አይቀመጥም፤ ከመቅደሱ ውጭ ሌላ ወንበር ይዘጋጅለታል። «ጌታ ከእናንተ ጋር ይሁን» አይልም። በመሠዊያው ላይ የሚቀመጠው ለማደል የተዘጋጀው ቅዱስ ቁርባን ብቻ ነው። ሲጀመርም መሪው «ዛሬ ቅዳሴ የለም፤ ቃሉን ሰምተን አብረን እንጸልያለን» ብሎ በግልጽ ይናገር።

ከመክፈቻው በኋላ ንባቦቹ ይከተላሉ፣ መሃል ላይ መዝሙረ ዳዊት ይዘመራል። ስብከት የካህንና የዲያቆን ሥራ ስለሆነ አባ አስቀድመው ጽፈው ይሰጡናል፣ መሪው ያነበዋል። ካልደረሰን ዝም ብለን እንቀመጣለን። ዝምታውን አትፍሩት፤ ሰው ሳል ሳል ሲል ቸኩላችሁ መዝሙር አታንሱ። ከዚያ የምእመናን ጸሎት ነው። እዚህ ላይ የመንደሩ ነገር በስሙ ይጠራ፦ የታመመው፣ የወለደችው፣ ዝናብ የጠበቀው ማሳ፣ መንገድ የሄደው ልጅ። ምስጋና ይከተላል፣ ቀጥሎ «አባታችን ሆይ»፣ ከተፈቀደም ቅዱስ ቁርባን ይታደላል። ለዚህ አባ በመጡ ቀን ስንት ሰው እንደሚቆርብ ገምታችሁ ንገሯቸው። የተቀደሰው ኅብስት ካለቀ ጸሎቱ ያለ እሱ ይፈጸማል፣ ምንም ጉድለት የለበትም።

ከጸሎት በኋላ ያለው ሰዓት ለእኔ ትልቅ ነው። ወዲያው አትበተኑ። ቆም በሉና ዙሪያችሁን እዩ፦ ማን ቀረ? «እነ እንትና የሉም» ከተባለ ዛሬውኑ አንድ ሰው ደጃቸው ይድረስ። ለሳምንት ካደረ አይደረስም። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ «ለምን ቀራችሁ?» ብላችሁ አትግቡ። «ደህና ናችሁ ወይ?» በቂ ነው። ቅር ብሏቸው የቀሩ ከሆነ ዝም ብላችሁ ስሙ። በትንሽ ቁምስና ውስጥ የመዝሙር ቡድን ጭቅጭቅም ሆነ የድንበር ጠብ እሑድ ወንበር ላይ ይታያል። ቶሎ ሽማግሌ ካልገባበት ቤተሰቡ ሙሉ ይቀራል።

አልጋ ላይ ያሉትን ቅዱስ ቁርባን እንዲያደርስ የተፈቀደለት ሰው ይጠይቃቸዋል። የአንዲት እናታችንን ቤት ላንሳ። ቆርበው ሲያበቁ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ዛሬ ማን አነበበ?» «የእገሌ ልጅ ነው እማማ» ሲባሉ «እስቲ ይምጣና ለእኔም ያንብብልኝ» ይላሉ። እውነትም ልጆቹ እየሄዱ ያነቡላቸዋል። ስለዚህ ከቅዱስ ቁርባኑ ጋር የዕለቱን ንባብና የሰፈሩን ወሬም ይዛችሁ ሂዱ። የታመመ ሰው ከማኅበሩ እንዳልወጣ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ገንዘቡን በአጭሩ ልናገር። ሁለት ሰው ይቁጠር፣ እዚያው ይጻፍ፣ ሁለቱም ይፈርሙ። ለጣሪያ የተሰጠ ለጣሪያ ብቻ ነው፤ ሕገ ቀኖናውም ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ለዚያው ጉዳይ ይዋል ይላል። እያንዳንዱ ቁምስና የገንዘብ ጉዳይ ምክር ቤት ሊኖረው ግድ ነው፣ ትንሽ ነን ብላችሁ አትተዉት። የወሩ ሒሳብ ከተራ ሰሌዳው ጎን ይለጠፍ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም ቤተሰብ አስተምሩ። ካህን ሩቅ በሆነበት ቦታ ሕፃን ለሞት ቢያሰጋ ማንኛውም ሰው፣ ቤተክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ አስቦ፣ ሊያጠምቀው ይችላል። ውሃ በራሱ ላይ እያፈሰሰ «እኔ በአብና በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ» ይላል፤ ለሴት ልጅ «አጠምቅሻለሁ»። ቀኑን፣ የወላጆቹን ስምና የነበሩትን ሰዎች ወረቀት ላይ አስፍሩ። በጥምቀት መዝገብ እንዲገባ ለአባ ወዲያው ይነገራቸው።

አባ የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ የሚጠብቃቸውን ሥራ አስቀድማችሁ በዝርዝር ያዙ። ቅብዐ ሕሙማን የሚፈልግ ማን ነው? የሚጠመቅ ሕፃን፣ ለጋብቻ የሚዘጋጁ፣ የሚታረቁ ቤተሰቦች አሉ? ዝርዝሩ ከመምጣታቸው በፊት ይድረሳቸው። ኑዛዜ ከቅዳሴ በፊት ይሁን፣ ለዚህ በሩ ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ ይከፈት። ከቅዳሴ በኋላ ወደ ሕሙማን ሲሄዱ መንገድ የሚያሳይ አንድ ወጣት አብሯቸው ይመደብ። ከሩቁ ቤት ይጀምሩ፤ ቅርብ ያሉት ቢመሽም ይደረስባቸዋል።